ወፍራም ብረት ብቻውን አያድንም፦ ስለ ጭነት መኪና የኋላና የጎን መከላከያ

ጥያቄው፦ «የጭነት መኪና አካል የምንሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለን። ከኋላ የምንገጥመው መከላከያ ትንሽ መኪና ሲገጨው ይታጠፍና መኪናው ከሥር ይገባል። ቱቦላሬውን ወፍራም ብናደርገው ይበቃል? ጎኑንስ ምን ብናደርግ ይሻላል? ገልባጭ መኪና ያላቸው ደንበኞች ደግሞ መሬት እየነካ ያስቸግረናል፣ ይቅርብን ይላሉ። ምን እንበላቸው?»

መልስ፦

አይበቃም። ቱቦላሬውን ማወፈር ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነገር ነው። ከተጋጩ መከላከያዎች ብዙዎቹን ጠጋ ብለው ቢያዩ ግን አግድሙ ብረት ብቻውን አይደለም የተሸነፈው። ማሰሪያው ተቀድዷል፣ ቡሎኑ ተቆርጧል፣ ወይም የብረቱ ዳር ብቻ ተጠምዝዞ መሃሉ እንዳለ ቀርቷል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ከፍታው፣ ቀጥሎ ማሰሪያው፣ ከዚያ ዳርና ዳሩ። ውፍረቱ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት መከላከያው ሥራው ምን እንደሆነ እንግባባ። ትንሽ መኪና ፊት ለፊት ግድግዳ ሲገጭ ፓራውልቱ ቀድሞ ይነካል። ከኋላው ያሉት ሁለት ቁመታም ብረቶች ይጨራመታሉ። ፍጥነቱ የሚበርደው በዚያ መጨራመት ውስጥ ነው። ሴንሰሩ ምቱን ያውቃል፣ ቀበቶው ይወጠራል፣ ኤርባጉ ይነፋል። አምራቹ ብዙ ገንዘብና ድካም ያፈሰሰበት ነገር ሁሉ የሚሠራው ግን መኪናው አፍንጫውን የሚያሳርፍበት ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ብቻ ነው።

የጭነት መኪና ኋላ ይህን አይሰጠውም። የጭነቱ ወለል ከመሬት ወደ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ከሥሩ ባዶ ነው። ኮፈኑ ከሥር ሾልኮ ያልፋል። ከባዱን ብረት መጀመሪያ የሚነካው የፊት መስታወቱና ጣሪያውን የያዙት ምሰሶዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ምት እንዲችሉ አልተሠሩም። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው የሰው ጭንቅላት ነው። በደህንነት ፈተና አምስት ኮከብ ያገኘ መኪናም ቢሆን እዚህ ላይ ኮከቡ አይረዳውም።

እንግዲህ የመከላከያው ሥራ መኪናውን «ማቆም» አይደለም። የመኪናው የራሱ ፊት እንዲጨራመት ደገፍ ብሎ መቆየት ነው። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ንድፉን በሙሉ ትቀይራለች።

ቁጥሩን እንየው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወደ 180,000 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይዟል። የቆመ ተሳቢ ገጭቶ ፊቱ 60 ሴንቲ ቢጨራመት፣ በአማካይ የሚገፋው ኃይል 300 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። በክብደት ቋንቋ 30 ቶን ማለት ነው። መከላከያው ይህን ያህል ግፊት እስከ መጨረሻው ችሎ መቆየት አለበት። ፍጥነቱ 80 ሲደርስ ደግሞ ጉልበቱ በእጥፍ ያድጋል።

አሁን ደንቦቹን ከዚህ ቁጥር አጠገብ ያስቀምጧቸው። አሜሪካ በ1996 አውጥታ ከ1998 ጀምሮ በአዳዲስ ተሳቢዎች ላይ ያስገደደችው ደንብ፣ መከላከያው በዋናው የመፈተኛ ነጥብ ላይ 100 ኪሎ ኒውተን እንዲችልና 5,650 ጁል እንዲውጥ ይጠይቅ ነበር። ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛው ነው። ካናዳ ከ2007 ጀምሮ 350 ኪሎ ኒውተንና 20,000 ጁል አለች። አሜሪካም በ2022 ባወጣችው ማሻሻያ ወደዚያው ደረጃ መጣች። 350 ከየት እንደመጣ አሁን ግልጽ ይመስለኛል፤ እኛ በጣት ቆጥረን ካገኘነው 300 ብዙም አይርቅም። ለወርክሾፕዎ የምመክረው ቁጥርም ይኸው ነው። የ1996ቱን ደንብ ቅጂ የያዘ ንድፍ በእጅዎ ካለ «ደንብ ያሟላል» ተብሎ ቢጻፍበትም አይዝናኑ።

ታሪኩም ትንሽ ያናድዳል። በአሜሪካ የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በ1953 ነው። መከላከያው ከመሬት እስከ 76 ሴንቲ ከፍ እንዲል ይፈቅድ ነበር፤ የጥንካሬ ፈተና የሚባል ነገር አልነበረበትም። በ1967 ተዋናይቷ ጄን ማንስፊልድ የተሳፈረችበት መኪና ሉዊዚያና ውስጥ ከተሳቢ ኋላ ገብቶ፣ ከፊት ወንበር የነበሩት ሦስቱም ሰዎች ሞቱ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ተረፉ። ከዚያ በኋላ መከላከያው በስሟ መጠራት ጀመረ። ደንቡ ግን እስከ 1998 ድረስ ያው ነበር። አንድ አግድም ብረት 20 ሴንቲ ዝቅ ለማድረግ 45 ዓመት ፈጀ። እስካሁንም ተሳቢ ላልሆኑት፣ ጭነታቸውን በራሳቸው ሻንሲ ላይ ለሚሸከሙት መኪናዎች፣ እዚያ አገር አዲሱ የጥንካሬ ደንብ አልተጻፈላቸውም።

ወደ ከፍታው። የ1998ቱ ደንብ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ56 ሴንቲ እንዳይበልጥ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 58 ለረጅም ጊዜ 55 ሴንቲ ሲል ቆይቶ በኋላ ወደ ታች አጠበቀው። በሌላ በኩል እዚያው አሜሪካ ውስጥ የትንሽ መኪና ፓራውልት የሚፈተነው ከመሬት ከ40 እስከ 51 ሴንቲ ባለው ክልል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያዩ። መከላከያው በደንቡ ልክ 56 ላይ ከተሰቀለ ጠርዙ ከፓራውልቱ በላይ ነው! ላዩ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የመኪናው አፍንጫ ዝቅ ይላል። ያኔ ክፍተቱ ይብሳል።

ስለዚህ መንገዱ ከፈቀደ 45 ሴንቲ ላይ ያድርጉት። የሚለኩት ደግሞ መኪናው ባዶ ሆኖ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ተጭኖ ሲለካ ባሌስትራው ስለሚቀመጥ ቁጥሩ ያምራል፤ ባዶውን ሲመለስ ግን መከላከያው ብዙ ሴንቲ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። ደንቦቹም ባዶውን ነው የሚሉት። አግድሙ ብረት ራሱ ቁመቱ ከ10 ሴንቲ አይነስ። ከመኪናው የኋላ ጫፍ ወደ ውስጥ ብዙ አያስገቡት፤ በአሜሪካ ደንብ 30 ሴንቲ ያህል ነው ጣሪያው። ከዚያ በላይ ከገባ መከላከያው ከመነካቱ በፊት የመኪናው መስታወት የጭነቱ ወለል ጋ ይደርሳል። ብረቱ አለ፣ ግን ዘግይቶ ነው የሚገኘው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማሰሪያው። በቀጭን ማጠፊያ ላይ የተሰቀለ ወፍራም በር አይተው ያውቃሉ? በሩን የሚገፋ ሰው በሩን አይሰብርም፣ ማጠፊያውን ነው የሚነቅለው። እዚህም እንደዚያው ነው።

መከላከያው ከሻንሲው በታች 50 ሴንቲ ተንጠልጥሏል እንበል። 300 ኪሎ ኒውተን ታች ላይ ሲገፋው ላይ ማሰሪያው ጋ የሚደርሰው ግፊት ብቻ አይደለም፣ መፈንቀልም አለ። መጠኑ 150 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። አግድሙን ብረት ያንጠለጠለውን ቋሚ ብረት ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ላሜራ በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ 30 ሴንቲ ብቻ ቢሆን፣ የኋለኛው ጫፉ በ500 ኪሎ ኒውተን ወደ ታች ይጎተታል። ከመጣው ግፊት ራሱ በለጠ! ያንኑ መያዣ 90 ሴንቲ ቢያረዝሙት መጎተቱ ወደ 167 ይወርዳል። አንድ ግራም ብረት አግድሙ ላይ ሳይጨምሩ ማለት ነው።

ይህን በቀላሉ የሚያገኙት በሰያፍ ደጋፊ ነው። ከቋሚው ታችኛ ክፍል ተነስቶ ወደ ፊትና ወደ ላይ ሄዶ ሻንሲው ላይ የሚያርፍ አንድ ቱቦላሬ ለእያንዳንዱ ቋሚ ያድርጉ። ግጭት ሲመጣ ይህ ደጋፊ ይታመቃል፤ ቋሚውም ወደ ፊት አይታጠፍም። ብዙ ወርክሾፖች ደጋፊውን «ለማጠንከር» ብለው አጭር አድርገው ከላይ ጥግ ላይ ይበይዱታል። እሱ ለንዝረት ይረዳል፣ ለግጭት ግን ከምንም አይቆጠርም። ታች ይውረድ።

ቡሎን ላይ ደግሞ እንዲህ ይቁጠሩ። 8.8 ጥራት ያለው የ16 ሚሊ ቡሎን ሊቆርጠው የሚመጣን ኃይል እስከ 75 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይችላል። በወረቀት ላይ ለ300 አራት ይበቃሉ። በተግባር ግን ኃይሉ ለአራቱም እኩል አይደርስም፤ ጉድጓዱ ትንሽ የሰፋበት ቡሎን ዘግይቶ ነው የሚሸከመው። ዳር ላይ ሲገጭ ደግሞ አንዱ ቋሚ ብቻውን አብዛኛውን ይወስዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቋሚ ቢያንስ ስድስት። ጭንቅላቱ ላይ የጥራት ቁጥር ያልተቀረጸበትን ቡሎን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። ዳዶውም ከቡሎኑ ጥራት እኩል ይሁን፤ ርካሽ ዳዶ ጥሩ ቡሎንን ያዋርዳል።

ሻንሲው ላይ ጥንቃቄ አለ። ቡሎን የሚበሱት በሻንሲው ቋሚ ፊት ላይ ነው። የላይና የታች ከንፈሩን አይብሱ፣ አቋርጠውም አይበይዱበት። ብዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ጥንካሬው በሙቀት የተገኘ ብረት ስለሆነ ብየዳው አጠገቡን ያዳክመዋል። የዚያ ስንጥቅ ወዲያው አይታይም፤ በኋላ ጭነት ላይ ነው የሚወጣው። አምራቹ ለአካል ሠሪዎች ያዘጋጀው መመሪያ ካለ ከእኔ ቃል ይልቅ እሱን ያስቀድሙ።

አሁን ዳሩ። ይህን ክፍል በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ አምራቾችም የወደቁበት ነው።

የአሜሪካ መድን ሰጪ ኩባንያዎች የሚደግፉት የሀይዌይ ደህንነት ተቋም መደበኛ መኪና በ56 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከቆመ ተሳቢ ኋላ እያጋጨ ሦስት ዓይነት ፈተና ሠራ። አንደኛው ሙሉ ፊት ለፊት ነው። ሁለተኛው የመኪናው ፊት ግማሹ ብቻ የሚነካበት ነው። ሦስተኛው 30 በመቶው ብቻ የሚነካበት ነው። በ2013 ውጤቱን ሲያወጣ ከስምንት ትልልቅ አምራቾች ሁሉም የመጀመሪያውን አለፉ። ሁለተኛውን አንድ ሲቀር ሁሉም አለፉ። ሦስተኛውን ያለፈው ማናክ የተባለው የካናዳ አምራች ብቻ ነበር።

ለምን? የተለመደው መከላከያ ሁለት ቋሚዎች አሉት። ሁለቱም ከሻንሲው ሁለት ቁመታም ብረቶች ሥር ይሰቀላሉ፣ ምክንያቱም ለመሥራት ቀላል ነው። ሻንሲው ግን ከመኪናው ወርድ በጣም ይጠባል። እናም አግድሙ ብረት ከቋሚዎቹ ውጪ በሁለቱም በኩል ያለ ድጋፍ ተዘርግቶ ይቀራል። ሾፌሩ በመጨረሻው ሰከንድ መሪውን ጠምዝዞ ለማምለጥ ሲሞክር የሚመታው ያንን ዳር ነው። ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው ነገር ወደ ደካማው ቦታ ይወስደዋል።

መፍትሔው ቋሚዎቹን ወደ ዳር ማውጣት ወይም ሁለቱን አራት ማድረግ ነው። አምራቾቹም ያደረጉት በአብዛኛው ይህንኑ ነው። በ2017 ተቋሙ ሦስቱንም ፈተና ላለፉ ሽልማት ሲጀምር አምስት አምራቾች አገኙት። ክብደቱ ብዙም አልጨመረም፤ ብረቱ ቦታ ነው የቀየረው። ለእርስዎ ሥራ፣ ከሻንሲው ኋላ የሚያልፈውን የወለል ተሻጋሪ ብረት ያጠናክሩና ውጪኛዎቹን ቋሚዎች ከእሱ ላይ ያውርዱ። ከእነሱ ወደ ሻንሲው የሚሄድ ሰያፍ ያክሉ። አግድሙ ብረት ከመኪናው ጎን እስከ 10 ሴንቲ ድረስ ይድረስ፣ ጫፉም ይዘጋና ይከርከም። ክፍት ቱቦላሬ ጫፍ እንደ ቢላ ነው የሚቆርጠው።

ልብ ይበሉ፣ የ30 በመቶው ፈተና በ2022ቱ ማሻሻያም ቢሆን በሕግ አልተጠየቀም። የ350 ኪሎ ኒውተኑ ግፊት የሚለካው በመላው ርዝመት ተከፋፍሎ ነው። ስለዚህ ደንበኛዎ «የካናዳውን ያሟላል» የሚል ዕቃ ይዞ ቢመጣ እንኳ ዳሩን በዓይንዎ ይዩት።

ጎኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በመጀመሪያ ማንን ለማዳን እንደሚፈልጉ ይወስኑ። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 73 የሚጠይቀው የጎን መከላከያ የሚችለው 1 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው፤ 100 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ለእግረኛ፣ ለብስክሌተኛና ለሞተረኛ ነው። መኪናው ሲታጠፍ ጎኑ ላይ የወደቀ ሰው ከኋላ ጎማ ሥር እንዳይገባ ይገፈትረዋል። ትንሽ መኪና ግን እንደ ካርቶን ነው የሚያልፍበት። ብሪታንያ ይህን መከላከያ ካስገደደች በኋላ በጭነት መኪና ጎን ተገጭተው የሚሞቱ ብስክሌተኞች ቁጥር በ61 በመቶ፣ እግረኞች ደግሞ በ20 በመቶ እንደቀነሰ በጥናት ተጠቅሷል። ለዚህ ቀላል ብረት ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ቦስተን በ2014፣ ኒውዮርክ በ2015 ለከተማው ሥራ ለሚውሉ መኪናዎች አስገዳጅ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ደንቡ የታችኛው ጠርዝ እስከ 55 ሴንቲ ይፈቅዳል፤ የኒውዮርኩ መስፈርት 35 ነው። እኔ 35ቱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የወደቀ ሰው 55 ሴንቲ ሥር በቀላሉ ይንከባለላል። ከጎማዎቹ ያለው ክፍተት ከ30 ሴንቲ አይብለጥ። አግድም ብረቶች ብቻ ከማድረግ ለስላሳ ላሜራ ቢሸፍኑት ይሻላል፤ የብስክሌት መሪም የሰው እጅም አይያዝበትም። በዚያ ላይ ንፋስን ስለሚቀንስ ነዳጅ ይቆጥባል። ባለንብረቱን ለማሳመን ይህ ከደህንነቱ ይልቅ ይረዳዎታል፣ ቢያሳዝንም።

ትንሽ መኪናን ከጎን ማስቆም ግን ይቻላል? ይቻላል። ያው ተቋም በ2017 በሁለት ተመሳሳይ ተሳቢዎች ጎን ላይ በ56 ኪሎ ሜትር ሞከረ። አንደኛው ኤንጅልዊንግ የተባለ ጠንካራ የጎን መከላከያ ነበረው። ሌላው የንፋስ መቀነሻ ፋይበርግላስ ብቻ ነበረው። በመጀመሪያው መኪናው ቆመ፤ በሁለተኛው ከሥር ገብቶ ጣሪያው ተገፈፈ። ከውጪ ሲያዩዋቸው ሁለቱም ልሙጥ የጎን ሽፋን ይመስላሉ። ይህ እንዲሆን ግን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገሩ ድጋፎች ያስፈልጋሉ፤ ክብደቱም ይጨምራል። በአነስተኛ ወርክሾፕ በግምት የሚሠራ አይደለም። ቀላሉን በደንብ ሠርተው ለደንበኛዎ «ይህ ለሰው እንጂ ለመኪና አይደለም» ብለው በግልጽ ይንገሩት።

የፊቱን በአጭሩ ልለፈው፤ እሱ የመኪናው አምራች ሥራ ነው። ደንብ ቁጥር 93 ከመሬት 40 ሴንቲ ብቻ ነው የሚፈቅደው። የእርስዎ ድርሻ አለመንካት ነው። ደንበኛ ለውበት ብሎ ፊቱ ላይ ከባድ የብረት ፓራውልት አስገጥሙልኝ ቢል፣ ያ ዕቃ ሊጨራመት የሚገባውን ክፍል ዘግቶ እግረኛን ይበልጥ ይጎዳል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ አንጸባራቂ ቴፕ። አሜሪካ በ1993 በተሳቢዎች ላይ ቀይና ነጭ ቴፕ ካስገደደች በኋላ የተደረገ የመንግሥት ጥናት፣ በጨለማ ከኋላና ከጎን የሚደርሰው ግጭት በ29 በመቶ እንደቀነሰ አገኘ። መብራት በሌለው መንገድ ላይ ቁጥሩ 41 በመቶ ነው። በእጅ ተለጥፎ የሚያልቅ ሥራ ይህን ያህል ይሠራል። አግድሙ ብረት ላይም ይለጥፉት። ጭቃው ካልተጠረገ ግን ዋጋ የለውም።

የተገጠመውንም በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል። መከላከያ በብዛት የሚጎዳው መንገድ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ሲኬድና መጫኛ ቦታ ላይ ነው። አንዴ ወደ ውስጥ የታጠፈ ቋሚ ተመትቶ ቢቃናም የድሮው አይደለም፤ ይቀየር። ዝገት የሚጀምረው ቱቦላሬው ከላሜራው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ነው። ቀለሙን ከመቀባትዎ በፊት በመዶሻ ነካ ነካ ያድርጉት።

ገልባጮቹ። ደንበኞችዎ ያለምክንያት አይደለም የሚያማርሩት። ድንጋያማ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ሲሄዱ 45 ሴንቲ ላይ ያለ ብረት ይያዛል፤ ሲገለብጡም አሸዋው ላዩ ላይ ይከመራል። ብዙ ደንቦችም ከሥራቸው ጋር ለማይሄድላቸው መኪናዎች ይቅርታ ያደርጋሉ። ችግሩ ገልባጩ ቀኑን ሙሉ ሳይት ውስጥ አለመዋሉ ነው። አብዛኛውን ሰዓት ከትንንሽ መኪና ጋር አስፋልት ላይ ነው።

ስለዚህ «ይቅር» የሚለውን አይቀበሉ፤ የሚታጠፍ ይሥሩላቸው። ቋሚዎቹ ላይኛው ጫፋቸው ላይ በወፍራም ፒን ይዙሩ፣ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይነሱ። አቅጣጫው ወሳኝ ነው፦ ግጭት ወደ ፊት ስለሚገፋው ወደ ፊት የሚታጠፍ ከሆነ ሙሉ ግፊቱን የሚሸከመው ማቆለፊያዋ ፒን ብቻ ናት። ወደ ኋላ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ግን ግጭቱ ራሱ ቋሚውን ሻንሲው ላይ ከተበየደው ማቆሚያ ጋር ያጣብቀዋል። ያኔ ፒኗ ብረቱ እንዳይንገዋለል ብቻ ትይዛለች።

አንድ ሰው ያለ መፍቻ የሚያነሳው ይሁን። ደንብ ቁጥር 58 ቦታውን ለመቀየር የሚያስፈልገው የእጅ ኃይል ከ40 ኪሎ ክብደት እንዳይበልጥ ይላል። ከበለጠ ሾፌሩ አንዴ ያነሳውና በዚያው ሰቅሎት ይቀራል። ስፕሪንግ ቢጨምሩበት ይቀላል። ፒኗን በሰንሰለት እሰሯት፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ትጠፋለች። አቅም ካለ ደግሞ አንዲት ስዊች ከፒኗ ጋር አገናኝተው፣ መከላከያው ተነስቶ ሳለ ጋቢና ውስጥ ቀይ መብራት እንዲበራ ያድርጉ።